የጥዑም የግራ ፈትል

«ክር ሲበጠስ አትቆጣ፤ ጫፉን ፈልግና ቋጥረው» ይለው ነበር አባቱ። ይህን እየሰማ ያደገው ሸማኔው ቢያድግልኝ ነው። እናንተ ሳትወለዱ፣ እኔም ሳልወለድ፣ አያቴ ገና ስትድህ፣ ዝግባ ሜዳ በምትባል መንደር ይኖር ነበር።

ሚስቱ ሞተች። ሁለት ሴት ልጆች ቀሩለት፤ ታላቂቱ አሰገደች፣ ታናሺቱ ጥዑም። ተዝካሩ እንዳለቀ የሟች እህት እትዬ ዘርፌ ሽማግሌ ሰብስባ መጣች።

«ወንድ ሴት ልጅ አያሳድግም» አለች። «መፍተል ማን ያስተምራቸዋል? አንዷን እኔ፣ አንዷን ወንድሜ እንወስዳለን።»

ሽማግሌዎቹ ተመካከሩ። ልጆቹ ለጥምቀት ራሳቸው የፈተሉትን ነጠላ ለብሰው ከወጡ ከአባታቸው ዘንድ ይቀመጡ፤ ካልሆነ ይወሰዱ ብለው ፈረዱ።

ቢያድግልኝ መሸመን እንጂ መፍተል አያውቅም። በዚያ አገር ወንድ ይሸምናል፤ ሴት ትፈትላለች። የሚስቱን እንዝርት አነሣ፤ አማትቦ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። እንዝርቱን ጭኑ ላይ አሽከረከረ። ክሩ ተበጠሰ። ቋጠረው። ተበጠሰ። ቋጠረው። ውሃ የሚቀዱ ሴቶች አዩትና ሳቅ ገደላቸው።

«እመት ቢያድግልኝ፣ እንዴት አደሩ? ወገብዎን አላመመዎትም?»

«እግዜር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ» አላቸው። «ይልቅ ክሩ ለምን ይጓጉልብኛል?»

አንዷ እየሳቀች እንስራዋን አወረደች። «ጥጡን አነቁት እኮ! እንደ ጫጩት ነው የሚያዝ» ብላ አሳየችው።

የተማረውን ለልጆቹ አስተማረ። አሰገደች ቶሎ ያዘች። ጥዑም ግን ግራኝ ናት። እንዝርቱን በግራ እጇ፣ በግራ ጭኗ ላይ ታሽከረክራለች፤ ክሩም ከሌላው ሰው ክር በተቃራኒ ይከርራል። እትዬ ዘርፌ መጥታ ልቃቂቱን ዳሰሰች።

«የግራ ፈትል! ይሄ ለመግነዣ እንኳ አይሆንም። እጇን እሰርላት።»

ጥዑም እጇን ቀሚሷ ውስጥ ደበቀች።

«እትዬ፣ እጇን የፈጠረውን ጌታ እኔ ላርመው እንዴ?» አለ ቢያድግልኝ፤ እንዝርቱንም ለግራ እጇ መለሰላት።

ጥምቀት ቀረበ። የሁለቱን ፈትል ቀላቅሎ ሸመነ፤ ጨርቁ ተኮማተረበት። ፈታው። ቅርጫት ውስጥ ሚስቱ ፈትላ የተወችው ልቃቂት ነበረ፤ ክሩ እንደ ፀጉር የቀጠነ። በጥዑም ፈትል ፈንታ ያንን ቢያስገባ ማንም አያውቅበትም። ልቃቂቱን ይዞ ብዙ ቆየ። ጸለየ። ጥዑም ከጎኑ ቆማ ታየዋለች። መልሶ አስቀመጠው። የአሰገደችን ፈትል ለሁለቱም ነጠላዎች መሃል አደረገው። የጥዑምን ለብቻው፣ ጫፍ ጫፉ ላይ፣ ባለቀለም ጥለት በሚገባበት ቦታ አስገባው።

በጥምቀት ልጆቹ ነጠላቸውን ለብሰው ወጡ። እትዬ ዘርፌ ጫፉን ያዘች።

«ጥለቱስ? የጥዑም ፈትል የታለ? ነጭ በነጭ!»

ሽማግሌዎቹ ቀርበው ፈለጉ፤ አልታያቸውም። ያኔ አንድ መንገደኛ በቅሎውን እየሳበ በሰዉ መካከል ሲያልፍ ነጠላው ዓይኑን ያዘው። ቆመ። ጫፉን አንሥቶ ወደ ፀሐይ አዞረው። ጥለቱ ታየ! ያለ ምንም ቀለም፣ ውሃ ላይ እንደሚሄድ ብርሃን፣ የጥዑም ፈትል ከአሰገደች ፈትል ተለይቶ አበራ። መንገደኛው ለቢያድግልኝ አንድ ቃል ተናገረና መንገዱን ቀጠለ። መልአክ ነበር የሚሉ አሉ። እኔ እንጃ፤ አያቴ ከእናቷ እንደሰማችው፣ ሰውዬው በቅሎ በቅሎ ይሸት ነበር።

እትዬ ዘርፌ ቃሉን ስትሰማ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። አለቀሰች። «ልጆቹ ይቀመጡ» አለች።

በዝግባ ሜዳ እስከ ዛሬ ድረስ የሴት ልጅ የመጀመሪያ ነጠላ ቀለም የለውም፤ ጥለቱ የግራ ፈትል ነው። ቤቱ ተቀምጦ ለልጁ ሙያ ያስተማረ አባትም በዚያ መንገደኛ ቃል ይመረቃል። የእናትየዋን መሞት ያልሰማው ሰው ለቢያድግልኝ ያለው እንዲህ ነበር፦

«እናታቸው ባለሙያ ናት፤ እግዜር ያቆይልህ።»