የይርገዱ ሙሾና የአንጓች ጉሮሮ

፦ተረት ተረት!
፦የላም በረት! ክፈቺልን በፍጥነት!

እሺ፣ ልከፍት ነው። አንቺ ወዲህ ጠጋ በይ። አንተም ግድግዳውን መፋቅህን ተውና ስማ።

በድሮ ዘመን፣ በአንድ ወንዝ ዳር፣ ይርገዱ የምትባል ሙሾ አውራጅ ነበረች። ሙሾ ለቅሶ ላይ ለሟች የሚባለው ግጥም ነው። ይርገዱ ሙሾዋን እንደ ቀሚስ ለክታ ነበር የምትሰፋው። ለቅሶ ቤት ትሄድና መጀመሪያ ከሴቶቹ ጋር ትቀመጣለች። ምን ይወድ ነበር? ማንን ያኮርፍ ነበር? ብላ ትጠይቃለች። ከዚያም ብድግ ትልና ታወርደዋለች። ያን ጊዜ የሟች ጠላት እንኳ ያለቅሳል። ሰዉም ያከብራታል፣ ከጎተራው ይሰፍርላታል፣ በዚያ ትኖራለች።

ጌጡ የሚባል ረጅም አዳኝ በሞተ ጊዜ እንዲህ አለች፦

«ጎንበስ ሳይል በበር የማይገባ ዝግባ፣
ዛሬ በምን ጥበብ ጠባብ ጉድጓድ ገባ።»

አገር ተንሰቀሰቀ።

ከወንዙ ማዶ ደግሞ አንጓች የምትባል ሴት ነበረች። አንጓች ጉሮሮ ነበራት። ስትጮህ ወፍ ከዛፉ ይነሣል። አንዴ የሰማችውንም አትረሳም። ግጥም መፍጠር ግን አልሆነላትም። እንኳን ሙሾ፣ ለዶሮዎቿም ስም ማውጣት ያቅታት ነበርና ሁሉንም «ዶሮ» ነበር የምትላቸው። ታዲያ ምን ታደርጋለች? ይርገዱ ባለችበት ለቅሶ ሁሉ ከኋላ ትቆማለች። ትሰማለች። ከዚያም ወንዙን ትሻገርና የራሷ አስመስላ ታወርደዋለች። የማዶ ሰውም «አቤት የአንጓች ግጥም!» ይላል።

ይርገዱ ይህን አታውቅም። የጌጡ ተዝካር ደረሰና ያንኑ ሙሾዋን ደግማ አወረደች። ከማዶ የመጡ እንግዶች ተጠቃቀሱ። አንዲቱ ጮክ ብላ፦
፦ምን ጉድ ነው! ይቺ ሴትዮ የአንጓችን ሙሾ ትሰርቃለች እንዴ? አለች።

ይርገዱ ሙሾዋን አቋርጣ ተቀመጠች። በገዛ ግጥሟ ሌባ ተባለች! ያን ቀን እህልም አልቀመሰች። በማግስቱ ነጠላዋን አጣፋችና ወንዙን ተሻገረች።

ስትደርስ ሽብሩ በሚባል ሀብታም ደጅ ሰው ተሰብስቦ ያለቅሳል። አንጓች መሐል ቆማ ደረቷን ትደቃለች፦

«ጠዋት ወጥታ ጠዋት የጠለቀች ፀሐይ፣
ኮቴሽን ሳልሰማ እንዲህ ይመሻል ወይ።»

ያ ሙሾ ይርገዱ ለልጇ ያወረደችው ነበር። አንዲት ልጅ ነበረቻት፣ በልጅነቷ ቀበረቻት። ከዚያ ወዲያ ለማንም ብላው አታውቅም።

አጠገቧ የቆመውን ሰው፦
፦ማን ሞተ ወንድሜ? አለችው።
፦በቅሎዋ።
፦የማን በቅሎ?
፦የሽብሩ ናታ። እንዲያ ያለች ሰጋር!

ይርገዱ ሰዉን እየገፋች መሐል ገባች።
፦አንጓች! ልጄን በበቅሎ ለወጥሽብኝ?

አንጓች ደነገጠች። አፏ ግን አልተያዘም።
፦እትዬ ይርገዱ፣ ቃል እኮ ነፋስ ነው። ከአፍ ከወጣ ምን ባለቤት አለው? ደግሞ «ኮቴ» ሲል የበቅሎ መስሎኝ ነው!

ሽብሩም ከወዲያ አንጓችን፦
፦ተይ አትከራከሪያት፣ ለቅሶዬን አቋረጣችሁብኝ! አለ።

ነገሩ ዳኛ ደባልቄ ዘንድ ደረሰ። ዳኛ ደባልቄ ፍርዳቸው ከባድ፣ ቁመታቸው ግን አጭር ነበር። ወንበር ላይ ሲቀመጡ እግራቸው መሬት አይነካም። የወዲህ ሰው ለይርገዱ መሰከረ። የማዶ ሰው ለአንጓች መሰከረ። አንጓችም «የራሴ ነው» ብላ ድርቅ አለች። ዳኛው አገጫቸውን አሹና፦
፦ምስክሩ እኩል ሆነብኝ። እንግዲህ እኔ ሞቻለሁ፣ አሉ።

ሰዉ ክው አለ።
፦ሞቻለሁ አልኳችሁ! ኑ፣ አልቅሱልኝ!

ከዚያም መደቡ ላይ ተጋደሙና ጋቢያቸውን እስከ ፊታቸው ሳቡት። አንጓች ጊዜ አላጠፋችም። ዘላ ተነሣችና ወፉን ሁሉ ከዛፉ አስነሥታ፦

«ጎንበስ ሳይል በበር የማይገባ ዝግባ...»

ስትል ከጋቢው ሥር ጉርምርምታ ተሰማ። አንዱ ሳቁን ሊውጠው ሞከረና አመለጠው። ከዚያማ ሸንጎው በሙሉ ሆዱን ይዞ ተንከባለለ። ሬሳውም፦
፦ጸጥታ! አለ።

ይርገዱ ግን ወደ ዳኛው ሚስት ወደ እመት ጥሩአየሁ ሄደችና በጆሮዋ ጠየቀቻት። ተንሾካሾኩ። ተመለሰችና በቀስታ እንዲህ አለች፦

«ቀን ፈርዶ በሰው ላይ ማታ የሚጨነቅ፣
አልጋው ምስክር ነው፣ ትራሱን ጠይቅ።»

ሳቁ ቆመ። ጋቢው ተንቀጠቀጠ። ዳኛው ብድግ ብለው ተቀመጡ፣ ዓይናቸው ቀልቷል።
፦ማን ነገረሽ?
፦ሚስትዎ ናቸው ጌታዬ። ሟች አይናገር።

ዳኛ ደባልቄ አፍንጫቸውን ጠረጉና ፈረዱ።
፦ሙሾው የይርገዱ ነው። አንጓች ከዛሬ ጀምሮ በለቅሶ ላይ አፏን ትዝጋ!

የወዲህ ሰው እልል ሊል ሲል ከማዶ ሰዎች መሐል ወለላ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ተነሣች።
፦ጌታዬ፣ ባሌ ሲሞት ወንዙ ሞልቶ ነበር። ይርገዱ መሻገር አልቻለችም። የደረሰችልኝ አንጓች ናት። ቃሉ የሌላ ሰው ነበር፣ እሺ። እንባዬ ግን የራሴ ነበር። አሁን አፏን ብትዘጉት የእኛ ሰው ዝም ተብሎ ይቀበር?

ዳኛው ወደ ይርገዱ ዞሩ።
፦ንብረቱ ያንቺ ነው። አንቺ ምን ትያለሽ?

ይርገዱ ወደ ወለላ ዞራ አየች። ከዚያም፦
፦ትውሰደው፣ አለች። ማንም ይውሰደው። ሙሾ በጎተራ ቢቆለፍ ነቀዝ ይበላዋል። ግን የማን እንደሆነ ስሜን ትጥራ። ለሟቹም እያስተካከለች ትለውጠው፣ ድንኩን ዝግባ አትበል። እኔ ያልከለከልኳትን እሷ ደግሞ ሌላውን አትከልክል። የልጄን ሙሾ ግን አልሰጥም። እሱ የእኔ ነው።

አንድ ቀልደኛ ከኋላ እጁን አወጣና፦
፦እማማ ይርገዱ፣ እኔስ ያችን የዝግባ ስንኝ እያልኩ በዳኛው ብስቅ እከሰሳለሁ?
፦ለጨዋታና ለሳቅ አንድ ስንኝ ብትነጥቅ ማን ይከስሃል ልጄ? በእኔ በኩል ነፃ ነህ። በዳኛው በኩል አላውቅም።

አንጓች አፍራ አንገቷን ደፋች። ስለ ልጅቱ ሙሾ ይርገዱ እግር ላይ ወድቃ ይቅርታ ጠየቀች። ይርገዱም አነሣቻት። ዳኛው እንደተባለው ይሁን አሉ።

አንጓችም ቃሏን ጠበቀች። እንዲያውም ከልክ በላይ ጠበቀች! ለቅሶ ላይ ሁለት ስንኝ ባለች ቁጥር በዚያ ጉሮሮዋ «የይርገዱ ነው! የይርገዱ!» ትላለች። አንድ ቀን ወንዝ ዳር ቀብር ነበረ። ነፋሱ «የ»ውንም «ነው»ንም በላና ማዶ ለማዶ «ይርገዱ! ይርገዱ!» ብቻ ተሰማ። ከብት የሚጠብቁት ሰሙ። «ይርገዱ ሞተች» አሉ። ወሬው ገበያ ገባ። ከገበያ ወጥቶ ተራራ ዞረ። ዞሮ ዞሮ አንጓች ቤት ደረሰና ራሷን አንጓችን አስለቀሳት!

ነጠላዋን መሬት እየጎተተች ሮጠች። ሰዉም ከኋላዋ። ዳኛ ደባልቄም በአጭር እግራቸው ከኋላ ከኋላ። ይርገዱ ጓሮዋ ጎመን ትቀነጥሳለች። ጩኸቱን ስትሰማ «የማን ቤት ይሆን?» አለችና ነጠላዋን ደርባ ልታለቅስ ወጣች። ሰዉ ከአጥሩ ውጭ ደረቱን እየደቃ ነው። አንጓች ዓይኗን ጨፍና፣ እንባዋ እየወረደ፦

«ስንቱን አስለቀስኩት ባንቺ ቃል ስናገር፣
ላንቺ የሚሆን ቃል አጣሁኝ ካገር።»

ይርገዱ ጎመኑን እንደያዘች ከበሩ ላይ ቆመች።
፦ይሄ ሙሾ የእኔ አይደለም።

ሰዉ ወደ ኋላው ተፈናጠረ። አንጓች ዓይኗን ገለጠች፣ ጮኸች፣ አቀፈቻት፣ ደግሞ ጮኸች። ይርገዱ ግን አለቀቀቻትም።
፦ጠየቅኩሽ እኮ። የማን ነው?
፦የ... የኔ ነው መሰለኝ እትዬ። መንገድ ላይ እየሮጥኩ መጣብኝ።
፦እንግዲያውስ ስምሽን ጥሪ!

ያ ወንዝ የሚሻገር ጉሮሮ ጠፋ። «አንጓች» አለች በሹክሹክታ። ፊት የቆመችው አሮጊት እጇን ጆሮዋ ላይ አድርጋ «ማን አለች?» ብላ ጠየቀች።

ይርገዱም ጎመኑን ከፍ አደረገችና፣ ወፍ እስኪነሣ ድረስ፦
፦የአንጓች ነው! አለች። የአንጓች!

በሉ ተረቴን ውሰዱ፣ ለወደዳችሁት ንገሩ፣ ከፈለጋችሁም ጨምሩበት። ማን አወራችሁ ሲሏችሁ ግን እኔን አትርሱ። እስከዚያው የዛለውን አፌን በዳቦ አብሱልኝ፣ ዳር ዳሩን ሳይሆን መሐሉን!