ለክርስትናው የታረደችው ፍየል

በተስፋ ብቻ የሚኖረውን ሰው ለማሽሟጠጥ የምትባል አንዲት አባባል አለች። ገበያ ላይ ትነገራለች፤ ጠላ ቤት ትነገራለች፤ የሰማትም ሁሉ ይስቃል። መጀመሪያ የተናገሯት ሴት ግን አልሳቁም። በዚያ ቆሞ የሰማቸውም ሰው አልሳቀም። ነገሩ እንዲህ ነው።

ሰርዶ ውሃ በምትባል የቆላ መንደር አስረስ የሚባል ገበሬ ነበር። ከመንደሯ በላይ ገደሉ እንደ ግድግዳ ቆሟል፤ ከገደሉ በላይ ደጋው ነው። ጠዋት ጠዋት አፋፉን ደመና ስለሚውጠው፣ ከታች ሆኖ ለሚያይ ሰው ከዚያ ወዲያ አገር ያለ አይመስልም።

አስረስና ሚስቱ አትጠገብ ሁለት ልጅ ቀብረዋል። አንዱ ሳይቀመጥ ሞተ፤ አንዷ ጥርስ ሳታወጣ። ሦስተኛው ወንድ ሆኖ ሲወለድ ምትኩ አሉት። በተወለደ በሁለት ሳምንቱ እናቱን ወባ ጣላት፤ ጡቷም ደረቀ። በዚያ ዓመት ደግሞ የከብት በሽታ ቆላውን ጠርጎት ነበር። በመንደሩ የምትታለብ ላም አንዲት ብቻ ቀረች፤ እሷም የጎረቤታቸው የአያ ልየው ናት። ለአስረስ የቀረችለት አንዲት ወላድ ፍየል ነበረች።

ልጁን ያቆየችው ያቺ ፍየል ናት። አስረስ ጎህ ሲቀድ ይነሳል። ፍየሏን ያልባል፤ ወተቱን በሸክላ ሞቅ ያደርጋል፤ ንጹሕ ጥጥ እየነከረ ከልጁ ከንፈር ላይ ያኖራል። ልጁ ይስባል። ጥጡ ሲደርቅ ይጮኻል፤ አስረስም መልሶ ይነክራል። እጁ ሥራ የሚያውቅ ሰው ስለነበር፣ ከበሬ ቀንድ ጠርቦና አለስልሶ ትንሽ ማንኪያ ሠራለት። የመንደሩ ወንዶች ከእርሻ ሲመለሱ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን ያሰግጋሉ።

«አስረስ! ጡት አወጣህ አሉ!»

«አወጣሁ። ለእናንተ ግን አይደርስም፤ ባለቤት አለው» ይላቸዋል ቀና ሳይል።

ልጁ ወር ሲሞላው ጉንጩ ሞላ። እናቱም ቀን እየለየች መነሳት ጀመረች። አስረስ ግን ልቡ አላረፈለትም። ሁለቱን የቀበረው በድህነቱ ይመስለው ነበር። «እኔን የመሰለ አባት ብቻውን ልጅ አያጸናም» ይል ነበር። ለልጁ ከበላይ የሚያይለት አንድ ሰው ይመኝ ነበር።

ለክርስትና አባትነት የተለመነው አያ ልየው ነው። አንድ እግሩ ያነክሳል፤ ንግግር አያበዛም። እሺ ካለበት ቀን ጀምሮ የልጁን ማተብ በገዛ እጁ ሲገምድ ሰነበተ።

ዐርባኛው ቀን እሑድ ዋለ። በዚያ ጠዋት ባላምባራስ ውብነህ የሚባሉ የደጋ ባላባት፣ ለወሰን ክርክር ወደ ቆላ ወርደው ሲመለሱ፣ ቤተ ክርስቲያን ሊሳለሙ ጎራ አሉ። አምስት አሽከር አስከትለዋል። ልጁን በእናቱ እቅፍ አዩትና ቆሙ።

«የማን ነው? ደስ የሚል ልጅ ነው። ማነው የሚያነሳው?»

አያ ልየው እያነከሰ ወደ ፊት ወጣ።

«ይህ? እሱንስ ማን ያነሳዋል?» አሉ ባላምባራስ። አሽከሮቹ ሳቁ። «በሉ ስጡኝ፤ እኔ አነሳዋለሁ።»

አስረስ ጆሮውን ማመን አቃተው። ሲመኘው የኖረው ነገር በእግሩ መጥቶ ከፊቱ ቆሟል። ወደ አያ ልየው ዞረ፤ ዓይኑን ግን አላየውም።

«አያ ልየው፣ አይቀየሙኝ። ለልጁ ብዬ ነው።»

«ለልጁ ከበጀ እኔ ምን ቸገረኝ» አለ አያ ልየው። የገመደውንም ማተብ ከኪሱ አውጥቶ ለባላምባራስ አሽከር አቀበለ። ሚስቱ እመት ደብሪቱ አጠገቡ ቆመው ነበር። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ሳቡ።

ከቅዳሴ በኋላ ወደ አስረስ ቤት ተሄደ። የተደገሰው አንድ ዶሮ፣ ሽሮና አንድ ጋን ጠላ ነው። ባላምባራስ መደቡ ላይ ተቀመጡ። ወጡ ሲቀርብ ከአሽከሮቹ አንዱ ወደ ሳህኑ አጎነበሰ።

«የጌታችን አበ ልጅ፣ ይህች ዶሮ የማን ናት? የጌታዬ ናት ወይስ የበቅሏቸው?»

ሁሉም ሳቀ። አስረስም አብሮ ሳቀ፤ ፊቱ ግን ቀላ። በዚህ መካከል ከደጅ ፍየሏ ጮኸች። አሽከሮቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። አትጠገብ ባሏን በክንዱ ይዛ ወደ ጓዳ ሳበችው።

«እንዳታስበው» አለችው።

«ምኑን?»

«ምኑን እንደሆነ ታውቃለህ። ልጄ ያለው በእሷ ነው።»

«እንግዳ ጦሙን ይሂድ?»

«ሽሮ አለ፤ ጦሙን አይሄድም።»

«ባላምባራስ ከአስረስ ቤት ሽሮ ቀምሰው ሄዱ ይበሉኝ? ከዛሬ ወዲያ ዞር ብለው ያዩኛል?»

«ምንድን ነው ሹክሹክታው?» አሉ ባላምባራስ ከመደቡ።

«ፍየሏ የልጁ ናት ነው የሚሉት፤ ወተቷን ነው የሚጠጣው» አለ አሽከሩ።

ባላምባራስ በሳቅ ተንከተከቱ። «የእኔ የክርስትና ልጅ የፍየል ወተት? ስማኝ አበ ልጄ። ቀይ ላም ከነጥጃዋ ሰጥቼዋለሁ። ከነገ ወዲያ ከደጅህ ታድራለች። ውብነህ ይሙት!»

ቤቱ እልል አለ። አስረስ ጉልበታቸውን ስሞ ተነሣና ቢላዋውን ከግድግዳው አወረደ። አትጠገብ ልጁን አቅፋ ፊቷን ወደ ጓዳው ማዕዘን አዞረች። ፍየሏ በጠዋት አልታለበችም ነበር፤ ግቷ ሙሉ ነው። ስትገፈፍ ወተቱ ከደሙ ጋር ሣሩ ላይ ፈሰሰ። አስረስ አየው። እግሩን አንሥቶ አፈር መለሰበት።

በማግስቱ እመት ደብሪቱ በትንሽ ቅል ወተት ይዘው መጡ። «ላሚቱ እስክትመጣ» አሉ። ስድስት ቀን ተመላለሱ። አስረስ በዚያው ስድስት ቀን የጥጃ ጋጣ ሠራ። ገመድ ገመደ። ለወተት የሚሆን ቅል ፈቅፍቆ በወይራ ጭስ አጠነ። እጁ ሥራ ሲይዝ ዓይኑ ከገደሉ መንገድ አይነቀልም ነበር። ከብት በወረደ ቁጥር ይነሳል፤ የነጋዴ አህያ ሆኖ ሲያገኘው ይቀመጣል።

በሰባተኛው ቀን ውሃ መቅጃው አጠገብ አንድ ጎረምሳ ድምፁን ከፍ አድርጎ ተናገረ። «የባላምባራስ ልጅ በአያ ልየው ላም ያድጋል እንዴ? እንደሱ ከሆነ ክርስትናውን ለምን ነጠቋቸው?» አስረስ ይህን ሰምቶ ቤቱ ሲደርስ፣ እመት ደብሪቱን ከነቅላቸው በር ላይ አገኛቸው።

«እመት ደብሪቱ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ከእንግዲህ አይልፉ። የኛዋ እየመጣች ነው።»

«መጣች?»

«እየመጣች ነው።»

ባዶውን ጋጣ አዩ። «እኔ ለልጁ ነው የማመጣው፤ ላንተ አይደለም።»

«ሰው ያያል፣ እመት።»

«ይይ! ሲያይ ምን ይሆናል?»

«ይተዉኝ። በአያ ልየው ላይ የሠራሁት ያሳፍረኛል። ይህን ወተት ባየሁ ቁጥር ፊቴን የምደብቅበት አጣለሁ።»

እመት ደብሪቱ ቅላቸውን እንደያዙ ተመለሱ።

አትጠገብ ያን ቀን ለባሏ እህል አላቀረበችም። ለልጁ የገብስ ውሃ አፈላችለት። መጀመሪያ ተፋው፤ በኋላ ሲርበው ዋጠው። በአምስተኛው ቀን ሆዱ ሄደ። ጉንጩ ጎደለ። ለቅሶው እንደ ድመት ልጅ ቀጠነ።

«ወደ አያ ልየው ሂድ» አለችው። «ወይም እኔ ልሂድ።»

«እኔ ወደ ደጋ እወጣለሁ። ላሚቱን ይዤ እመጣለሁ።»

ገመዱን በትከሻው አድርጎ ገደሉን ወጣ፤ እሱ እንደሄደ አትጠገብን ወባዋ መልሶ ጣላት። ለመውጣት ሙሉ ቀን ፈጀበት። በማግስቱ ጠዋት ባላምባራስ በር ላይ ቆመ፤ ፀሐይዋ አናቱ ላይ እስክትደርስም ማንም አላናገረው። ሲያስገቡት ባላምባራስ ገመዱን አዩ፤ ቀጥሎ እሱን። «የክርስትና ልጅዎ አባት ነኝ» አለ።

«የምን ልጅ? አሃ፣ የቆላው! እንዴት ነው ልጄ? ወፈረ?»

አስረስ «እየሞተ ነው» ለማለት አፉን ከፈተ። በአሽከሮቹ ፊት እንዲህ ያለ ነገር መናገር ጌታን መክሰስ መሰለው። «ደህና ነው፣ ጌታዬ። ስለ ላሟ ነው የመጣሁት» አለ።

«ላሟማ አለች!» እጁን ይዘው ወደ ደጅ አወጡትና ከሜዳው ማዶ፣ እሩቅ ከተሰማራው መንጋ ውስጥ በጣታቸው አሳዩት። «ያቺ ቀይዋ፣ አየሃት? የልጄ ናት። ከእንግዲህ ማንም አይነካትም። ግን በሽታው ቆላውን ሳይለቅ አላወርዳትም። ወርዳ ብትሞት ለልጄ ምን ይበጀዋል? ጥምቀት ይለፍ።»

አስረስ ጥቅምቱ ገና እንዳላለቀ ያውቃል። ሦስት ወር ምን ያህል ጠዋት እንደሆነም ያውቃል። አንድ ቅል ወተት ስጡኝ የሚለው ቃል ከጉሮሮው ድረስ መጣ። ላም የሰጠ ጌታ ቅል ወተት አይለመንም። ጠላ ሰጡት፤ ጠጣ። እጅ ነሥቶ ወጣ።

መንገዱ ቁልቁለት ነውና በዚያው ቀን አመሻሽ ላይ ሰርዶ ውሃ ደረሰ። አትጠገብ በር ላይ ቆማ ገመዱን አየች። ገመዱ እንደሄደ ተጠቅልሎ ነው የተመለሰው።

«ላሚቱን አየኋት» አላት። «ቀይ ናት። የልጁ ናት ብለዋል። ማንም አይነካትም አሉ።»

«ወተቱስ?»

«ከጥምቀት በኋላ...»

«ወተቱን ነው የምልህ፣ አስረስ! ወተቱ የት አለ?»

ልጁን ሊያቅፍ እጁን ዘረጋ። ልጁ እንደ ጨርቅ ቀሎ ነበር። አስረስ ያን ጊዜ ተነሥቶ ወደ አያ ልየው ቤት ሄደ። ከአጥራቸው ደረሰ። አያ ልየው በጓሮው ላሙን ሲያልብ፣ ወተቱ ዕቃውን ሲመታ ሰማው። ያንን ድምፅ እየሰማ ቆመ። እንደገና ለመለመን አፍ አልነበረውም። ተመለሰ። መንገዱ መካከል ሲደርስ ደግሞ ወደ አጥሩ ዞረ፤ ደግሞም ተመለሰ።

አትጠገብ ለሁለተኛ ጊዜ ባዶ እጁን ሲመለስ ስታየው፣ ቅሏን አንሥታ በትኩሳቷ እየተንገዳገደች በአጠገቡ ወደ አያ ልየው ቤት አለፈች። እመት ደብሪቱ ገና ትኩሱን ሞልተው፣ እሷንም ደግፈው አብረው መጡ። አስረስ ጥጡን ነከረ። በልጁ ከንፈር ላይ አኖረው። ልጁ አልሳበም። በቀንዱ ማንኪያ አፉ ውስጥ ጠብ አደረገለት፤ ወተቱ በአፉ ጥግ ወጥቶ አንገቱ ላይ ወደ ማተቡ ፈሰሰ። አሁንም ጠብ አደረገ። አሁንም ፈሰሰ።

«ተወው ልጄ» አሉት እመት ደብሪቱ። «በቃው።»

በማግስቱ ተቀበረ። ለሕፃን ሙሾ አይወርድም፤ የአገሩ ደንብ ነው። ካህኑ ጸሎቱን ፈጥኖ ጨረሰ። የመጡት ጥቂት ሰዎች ናቸው። ጉድጓዱን የቆፈረው አያ ልየው ነው፤ በደኅናው እግሩ ቆሞ፣ አንካሳውን አፈሩ ላይ አሳርፎ። አፈሩን መልሶ ሲጨርስ ወደ አስረስ ቀረበና ትከሻውን ያዘው።

«አይዞህ። ሌላ ይሰጥሃል።»

አስረስ ቀና አለ። የሚናገረውን የሚያውቅ አይመስልም ነበር።

«አዎ። ለሚመጣው ላሚቱ አለች፣ አያ ልየው። በዓይኔ አይቻታለሁ። ቀይ ናት። ጥምቀት ሲያልፍ ትወርዳለች፤ ጋጣውም አለ፤ ቅሉንም አጥኜዋለሁ።»

እያለ በጣቱ ወደ ገደሉ አመለከተ። ሰውም ሳያስበው ጣቱን ተከትሎ ቀና አለ። ገደሉ በደመና ተውጦ ነበር፤ ከደመናው በላይ የሚታይ ምንም አልነበረም። አትጠገብ መሬት ላይ እንደተቀመጠች አንገቷን አላነሣችም።

እመት ደብሪቱ ከሴቶቹ መካከል ተነሡ። ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። ለሕፃን ሙሾ አይወርድም ብሎ ካህኑ ሊከለክላቸው እጁን አነሣ፤ ፊታቸውን ሲያይ መልሶ አወረደ። ከትንሹ አፈር ራስጌ ቆመው፣ ሙሾ አውራጅ በሐዘንተኛው አፍ ሆና እንደምትናገረው፣ በአስረስ ፈንታ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እንዲህ አሉ፦ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።»