ሻለቃ ውብነህን ማን ይውጋ?

አንድ የፈተና ቀን ጠዋት ነው። ነርሲንግ ኮሌጅ አብሮኝ የሚማር ዘርጋው የሚባል ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ሊወጋ ተራው ደረሰ። ዘርጋው ደግሞ መርፌ ይፈራል። የሚፈራውም እንደዋዛ አይደለም። መለማመጃ ብርቱካን ሲሰጡን እኛ ወግተን ስንጨርስ ልጠን እንበላለን፤ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ይወጋና የሚቀመጥበት ወንበር ይፈልጋል። «ታዲያ ነርስነትን ምን አስመረጠህ?» ሲሉት፣ «እኔ የመረጥኩት እርሻ ነው፤ እዚህ ያመጣኝ ምደባው ነው» ይላል። እውነቱን ነው።

ከዚህ በፊት አንዴ በብርቱካኑ ፈተና ወድቋል። ዛሬ ከደገመ ይባረራል። መባረሩ ብቻ ቢሆን እንኳ ባልከፋ፤ አባቱ ግን «ልጄ ሐኪም ሊሆን ነው» ብለው ለአገሩ ሁሉ አውርተው ጨርሰዋል። ለእረፍት ሲሄድ ጎረቤቱ ወገቡን እየያዘ ደጃቸው ላይ ይሰለፋል። እዚያ ሰልፍ መሃል ተባርሬ መጣሁ ብሎ መግባት ከመርፌውም ይብሳል።

ፈታኛችን አቶ ልሳኑ ናቸው። አቶ ልሳኑ የማያውቁት ነገር የለም፤ ይህንንም የነገሩን ራሳቸው ናቸው። ዘርጋውን ባዩት ቁጥር «ፍርሃት ማለት የእውቀት ማነስ ነው» ይሉታል። ያን ቀን ተራ ከሚጠብቁት ታካሚዎች መካከል መርጠው መርጠው ሻለቃ ውብነህን ሰጡት።

ሻለቃ ውብነህ ጡረታ የወጡ መኮንን ናቸው። የአጥር ቆርቆሮ ሲያድሱ የዛገ ምስማር ረግጠው የመንጋጋ ቆልፍ መከላከያ ሊወጉ መጥተዋል። መጥተዋል ማለት፣ ልጃቸው አምጥታቸዋለች። ከጠዋት ጀምሮ ሁለት ሲስተሮች ሞክረው ተመልሰዋል። ለአንደኛዋ «ዛሬ ክንዴን ደክሞኛል» አሏት። ለሁለተኛዋ «መርፌ ፈርቼ አይደለም፤ ያንቺ መቸኮል ግን አላማረኝም» አሏት። ከዚያ የሸሚዛቸውን እጅጌ እስከ አንጓቸው ቆልፈው ተቀመጡ።

ቀጣዩ ተፈታኝ እኔ ስለነበርኩ በሩ ላይ ቆሜ ሁሉንም አይቻለሁ። አቶ ልሳኑ የፈተና ወረቀታቸውን ይዘው ጥግ ያዙ። ፈታኝ በፈተናው መሃል እንዲናገር አይፈቀድለትም፤ ለሳቸው ከባዱ ፈተና ይኼ ነው። ዘርጋው መድኃኒቱን በሲሪንጅ ሳበና ወደ ሻለቃው ዞረ። እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል።

ሻለቃው አዩት።

«ምን ሆነሃል?»

«መርፌ እፈራለሁ፣ ሻለቃ።»

«ማ? አንተ?»

«አዎ።»

«ወጊው አንተ አይደለህም እንዴ?»

«ነኝ። እሱ ነው ያስፈራኝ።»

ሻለቃው ዕድሜያቸውን ሙሉ የፈራ ወታደር ሲያደፋፍሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ፊት ለፊታቸው የሚንቀጠቀጥ ልጅ ሲቆም የመጡበትን ጉዳይ ረሱት።

«ቀጥ በል» አሉት። ቀጥ አለ።

«ትከሻህን ዝቅ አድርግ። ትንፋሽህን ሳብ። ሳብክ?»

«ሳብኩ።»

«አሁን ቀስ ብለህ አውጣው። አይዞህ፣ ምንም የለውም። እኔ አለሁ።» ይህን እያሉ እጅጌያቸውን በራሳቸው እጅ ጠቀለሉ። «ይኸውልህ ክንዴ። ይንቀሳቀሳል?»

«አይንቀሳቀስም።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ጥረግና ውጋ።»

ዘርጋው በአልኮል ጠረገና ወጋ። ደግሞም ከሁላችንም አሳምሮ ነው የወጋው። ሻለቃው «አየህ?» አሉና ትከሻውን መታ መታ አድርገው ወጡ። ውጭ ለተሰለፈው ሰው ሁሉ «አንድ የፈራ ልጅ ነበር፤ አደፋፍሬው መጣሁ» ሲሉ ሰማሁ።

አቶ ልሳኑ አፋቸውን ለመክፈት የጠበቁት ይህችን ሰዓት ነው።

«አወጋግህ ደህና ነው» አሉ፣ ደስ ሳይላቸው። «የመጀመሪያው ነጥብ ግን ምን ይላል? ነርሱ ታካሚውን ያረጋጋል ነው የሚለው። እዚህ ያየሁት ታካሚው ነርሱን ሲያረጋጋ ነው። ይህን ያላሟላ ደግሞ አያልፍም።»

ዘርጋው የተጠቀመበትን መርፌ መጣያው ሳጥን ውስጥ ከተተ። ፊቱ ላይ መባረሩም፣ አባቱም፣ የተሰለፉት ጎረቤቶቹም ይታዩኛል። ድምፁ ግን አልተንቀጠቀጠም።

«ቲቸር፣ ሻለቃው ሲገቡ ይፈሩ ነበር?»

«ይፈሩ እንጂ። ሁለት ሲስተር መልሰዋል።»

«ሲወጉስ?»

«ሲወጉማ... አልፈሩም።»

«ክፍሉ ውስጥ የነበረውን ፍርሃት በሙሉ እኔ ቀድሜ ወሰድኩት። ለሳቸው የተረፋቸው ጀግንነቱ ብቻ ነው። ከዚህ የተሻለ ማረጋጊያ የሚያውቁ ከሆነ ያስተምሩኝ።»

አቶ ልሳኑ አላውቅም ማለት ስለማይሆንላቸው ነጥቡን ሰጡት።

ዘርጋው አለፈ። ከዚያ በኋላ ስንቱን ወጋ፤ ፍርሃቱም መቼ እንደለቀቀው ሳያውቅ ለቀቀው። ሻለቃ ውብነህ ለሁለተኛው ዙር ሲመጡ «ያን ፈሪ ልጅ ጥሩልኝ» አሉ። ዘርጋው መርፌውን ይዞ ረጋ ብሎ ቀረበ። ሻለቃው እጁን አዩት፣ ፊቱን አዩት፣ እጅጌያቸውን መልሰው ቆለፉ።

«ይኼ ልጅ ተበላሽቷል» አሉ። «የሚፈራ አምጡልኝ።»

ዘርጋው ምን ያድርግ፤ መንቀጥቀጥ ጀመረ።