ከምንጩ በላይ ያለው ድንጋይ

አንድ ሰው ነበረ፤ ገበሬ ነው። የጠየቅኸኝን አልረሳሁም፤ «የኔታ፣ ሱባኤ ገባሁ፣ ሰባት ቀን ጠበል ተጠመቅሁ፣ ፍርሃቱ ግን አልለቀቀኝም፤ ታዲያ ሰው በምን ይነጻል?» ነው ያልከኝ። እንግዲህ ዝም ብለህ ስማኝ።

ይህ ገበሬ አንድ ቀን የጎረቤቱን በቅሎ ባቄላው ውስጥ ስትግጥ አገኛት። በንዴት ድንጋይ ወረወረ። ወይ ጣጣ! ግንባሯን አገኛትና እዚያው ቀረች። ማንም አላየውም። በበሬ ጎትቶ፣ ከመንደሩ ምንጭ በላይ ካለ አሮጌ ጉድጓድ ከተታትና ድንጋይ ከመረባት።

የበቅሎዋ ባለቤት አውጫጭኝ አስጠራ። አገሩ ተሰብስቦ፣ እያንዳንዱ «አላየሁም፣ አልሰማሁም» እያለ በየተራ ማለ። ገበሬውም ማለ።

ክረምት ገባ። ዝናቡ በጉድጓዱ ሰርጎ ወደ ምንጩ ወረደ። ውሃው ለዓይን ኩልል ያለ ነው፤ የጠጣው ሁሉ ግን ሆዴን እያለ ይወድቅ ጀመር። ሴቶቹ በነጠላ እያጠለሉ ቀዱ። ቄሱም ጸሎት አደረሱበት። ገበሬው ያውቃል። ሚስቱን «ከወንዝ ቅጂ፣ የወንዙ ይጥማል» አላት እንጂ ለሌላው ትንፍሽ አላለም። በሐሰት ምሏላ! ቢናገር አገር ይተፋዋል። በዚያ ፈንታ ጾመ፣ ሰገደ። ሽታው ከእጁ ያልለቀቀ እየመሰለው ማለዳ ማለዳ ወርዶ በእንዶድ ይፈገፍጋል። በምን ውሃ? በዚያው በምንጩ!

አንድ ቀን የዚያ የባለበቅሎው ልጅ ሞተ። ገበሬው ቃሬዛ ተሸክሞ፣ ቀብሮ ቤቱ ሲገባ፣ ሚስቱ ለትንሿ ልጃቸው ጣሳ ሙሉ ውሃ ከአፏ አድርሳላታለች።

«ከየት ነው የቀዳሽው?» አላት።

«ከምንጩ ነዋ! ከለቅሶ መጥቼ ወንዝ ድረስ በምን ጉልበቴ ልውረድ?»

ጣሳውን በጥፊ መታው። ከዚያ እየጮኸ ወደ ለቅሶው ቤት ሮጠና በሰው ሁሉ ፊት «እኔ ነኝ! በቅሎዋን የገደልኳት እኔ ነኝ! ምንጩን የበከልኩት እኔ ነኝ!» አለ።

ወንዶቹ ወጥተው ጉድጓዱን ከፈቱ። የሟቹ አባትም አብሯቸው ድንጋይ አነሳ። ገበሬውን አልመታውም፣ አልረገመውም። ቀና ብሎ «ስለ አንዲት በቅሎ ምን አደርግህ ነበር?» አለው ብቻ።

ውሃው ውሎ አድሮ ጠራ። ልጅቱም ተረፈች።

ልጄ፣ ጠበሉን አትውቀሰው። ጾሙም ስግደቱም ደግ ነው፤ የጫንከውን ድንጋይ ግን ራስህ ካላነሳኸው ማንም አያነሳልህም። ፍርሃቱ አልለቀቀኝም አልከኝ፤ እንኳንም አልለቀቀህ! የዚያን ሰው ልጅ ያተረፋት ፍርሃቱ ነው። ድንጋይህ የት እንዳለ አልጠይቅህም፤ አንተ ታውቀዋለህ። እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው፤ አንተ እዚህ ቁጭ ብለህ ስታዳምጠኝ፣ አሁን ከታች ማን እየቀዳ እንዳለ አላውቅም።