ገላ ያጣው ምንሽር

ተረት አለኝ!
— አውጣው!
ከየት ሰማኸው በሉኝ።
— ከየት ሰማኸው?
ገደል ለገደል ሲያወራ ሰምቼ።

እንግዲህ ስሙ። ድሮ፣ ብረት ከእንጨት ጋር በሚጫወትበት፣ ነብር ከሰው ጋር ስድብ በሚመላለስበት ዘመን፣ በአንድ ቆላ አገር፣ በገደል አፋፍ ላይ፣ ጓንጉል የሚባል ሽማግሌ ይኖር ነበር። ሚስቱ ሞታለች። ልጅ አልወለደም። የቀረው አንድ ምንሽር ጠመንጃ ብቻ ነው።

ምንሽሩ አንድም ሁለትም ነበር። አንዱ ብረቱ ነው፤ ሌላው ብረቱን የሚሸከመው፣ በሰው ትከሻ ላይ የሚያርፈው እንጨት፣ ሰደፍ የምንለው። ብረቱ ይጮኻል፤ እንጨቱ ይችላል። ብረቱ ይግላል፤ እንጨቱ ያበርዳል። ከባሕር ማዶ አብረው መጥተው፣ አብረው አርጅተው፣ በጓንጉል ግድግዳ ላይ አብረው ተሰቅለው ይኖሩ ነበር።

አንድ ክረምት እንጨቱ ዝም አለ። ብረቱ «ወንድሜ፣ አዝነሃል?» ቢለው መልስ የለም። «ወንድሜ፣ አስቀይሜህ ነው?» ቢለው መልስ የለም። «እንግዲያው ትንሽ ተኝቶ ይሆናል» ብሎ ተወው። ክረምቱ ሲወጣ ጓንጉል ሊወለውለው ከግድግዳው ቢያወርደው እንጨቱ በእጁ ላይ ዱቄት ሆኖ ፈሰሰ። ለካስ ምስጥ ከውስጥ ጨርሶት ኖሯል። ብረቱ ያን ሁሉ ጊዜ ሲያወራ የኖረው ከሬሳ ጋር ነበር።

ከዚያ ወዲያ ምንሽር ማለት ያ እርቃኑን የቀረ ብረት ነው። ጓንጉል በጨርቅ ጠቅልሎ ከሣጥን አስገባው። ጨለማው አልከበደውም፤ የከበደው ጀርባውን የሚነካው ነገር ማጣቱ ነው።

ታዲያ በዚያ ሰሞን አንድ ነብር ወደ አገሩ ገባ። ከገደሉ ማዶ፣ አገር ሁሉ ከሚቀዳበት ምንጭ በላይ፣ አንድ ሰፊ ድንጋይ አለ። ነብሩ እዚያ ላይ ተንጋሎ ፀሐይ ይሞቃል። መጀመሪያ ፍየል ወሰደ። ቀጥሎ ጥጃ ወሰደ። ጎበዞቹ ጦር ይዘው ሲወጡ ከዋሻው ይገባል፤ ሲመለሱ ከድንጋዩ ይወጣል። ሰዉ ፈርቶ «አያ ነብሮ» ይለው ጀመር። ሁሉም ቀስ በቀስ ቤቱን እየዘጋ ወደ ደጋ ወጣ።

ጓንጉልን «ተነሥ እንጂ!» ቢሉት፣ «የሚስቴን መቃብር ለነብር ጥዬ የት እሄዳለሁ?» አለ።

ከሱ ሌላ በአፋፉ ላይ የቀረች ይታይሽ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ዘውዴ የምትባል አንዲት ልጅ አለቻት። ይታይሽ መጥታ ከደጁ ቆመች።

«አያ ጓንጉል፣ ውሃ አልቆብናል። ያ ብረትህ ከዚህ አፋፍ እስከዚያ ድንጋይ ይደርሳል ይባል የለ?»

«ይደርስ ነበር፣ እቴ። ገላ የለውም እንጂ።»

«ገላ ፈልግለታ!»

ጓንጉል ምንሽሩን ከጨርቁ ፈታው። «ሰማህ? እኔ እቆርጣለሁ፣ እኔ እጠርባለሁ። የምትኖርበት ግን አንተ ነህና ምርጫው ያንተ ነው» ብሎ በትከሻው ተሸክሞት ወደ ዱር ወረደ።

መጀመሪያ ያገኙት ብሳናን ነው።

«እኔን ውሰደኝ» አለ ብሳና። «እኔ ቀላል ነኝ። ሽማግሌው ክንዱ ደክሟል፤ እንደ ላባ ያነሣኛል። ቢላዋ አላስቸግርም፤ ዛሬ ተጠርቤ ነገ እደርሳለሁ።»

ምንሽር ብዙ አላሰበም። ለብዙ ጊዜ ያናገረው አልነበረምና ቀድሞ የጠራውን ወደደ። «ይሁን» አለ።

ጓንጉል ጠረበው፣ ገጠመው፣ ከአፋፉ ላይ በደረቱ ተኝቶ ነብሩ ላይ አነጣጠረ። ምላጩን ሲስብ ምንሽር ጮኸ፤ ብሳናም ከጩኸቱ ጋር አብሮ ዘለለ። ጥይቱ ከነብሩ ራስ በላይ ሄዶ ሰማይ ገባ። ብሳና ከወገቡ ለሁለት ተሰነጠቀ።

«አያ ጓንጉል!» አለ ነብሩ ከማዶ ሆኖ። «ሰማይ ምን በደለህ?»

ሁለተኛ ያገኙት ዋንዛን ነው። ዋንዛ ወፍራም ነው፤ ድምፁም ወፍራም ነው።

«ና ወዲህ፣ የተንከራተትክ» አለው። «እኔ አቅፍሃለሁ። ከሥርህ እስከ አፈሙዝህ ጫፍ ድረስ አንዲት ጣት ቦታ ሳልተው አቅፍሃለሁ። ከእንግዲህ አይበርድህም።»

ምንሽር ይህን ሲሰማ ሌላ ጥያቄ ጠፋው። ጓንጉል በጥንቃቄ ሠራው፤ በቅቤ አሸው፣ በጨርቅ አለሰለሰው። ዋንዛ ምንሽርን እንደ ታናሽ ወንድም አቀፈው። በበጋው ፀሐይ ጓንጉል ቅል ሰቅሎ ቢተኩስ ቅሉን መታ። ድንጋይ አስቀምጦ ቢተኩስ ድንጋዩን መታ። ማታ ማታ ከግድግዳው ላይ ሁለቱ ያወራሉ፤ ዋንዛ ጫካውን ያወራል፣ ምንሽር ባሕሩን ያወራል። ምንሽር «አሁንስ ዳንኩ» አለ በልቡ።

ነብሩ ግን ብልጥ ነው። ቅሉ ሲፈነዳ ማዶ ሆኖ አይቷልና በጋውን ሁሉ ብቅ አላለም። ይታይሽና ልጇ በሰላም ቀዱ። «ፈርቶ ሄደ» አሉ። ሰኔ ገባ፤ ዝናቡ ወረደ፤ ጉሙ ገደሉን ሞላው። ጓንጉል ምንሽሩን ይዞ ከአፋፉ ላይ ይጠብቃል፤ እነይታይሽ ይቀዳሉ። አንድ ጧት ጉሙ ገለጥ ሲል ነብሩ ከድንጋዩ ላይ ቁጢጥ ብሏል። ከሥሩ ዘውዴ እንስራዋን ትሞላለች።

ጓንጉል አልደነገጠም። ቅሉን እንደመታ ያውቃል፤ ድንጋዩን እንደመታ ያውቃል። ልክ በነብሩ ደረት ላይ አነጣጠረና ተኮሰ።

ምንሽር ጥይቱን ከአፉ ሲለቅ አንገቱ ወደ ግራ ሲገፋ ተሰማው። ግፊቷ ትንሽ ናት፤ የጤፍ ቅንጣት ታህል። ገደል እስክትሻገር ድረስ ግን ክንድ አከለች። ጥይቱ ድንጋዩን መታ። ነብሩ በዘውዴ ላይ ዘለለ።

እንስራው ሲሰበር እዚህ አፋፍ ድረስ ተሰማ። የይታይሽ ጩኸት ከዚያ ቀጠለ።

ዘውዴን ቀበሯት። ከደጋ ለቀብር የወረደው ሰው አልቅሶ ተመልሶ ወጣ። ይታይሽ ከቤቷ ገብታ በሯን ዘጋች። ጓንጉልም ከቤቱ ገብቶ በሩን ዘጋ። ምንሽር ከግድግዳው ላይ ሆኖ ዋንዛን ጠየቀው።

«ለምን ገፋኸኝ?»

«አልገፋሁህም፤ አቀፍኩህ» አለ ዋንዛ እያለቀሰ። «ዝናቡ ገባብኝ። ሲገባብኝ አበጥኩ። ሳብጥ ጨምሬ አጥብቄ አቀፍኩህ። እኔ ሌላ ምን አውቃለሁ?»

ምንሽር ሊቆጣው ፈለገ፤ አልሆነለትም። ያን ያህል ያቀፈው ማንም የለም። ለጓንጉል ግን «ፍታኝ» አለው። «አታቃጥለው እንጂ፤ ክፋት የለበትም።»

ጓንጉል ፈታውና ዋንዛን ቆርጦ የበር መወርወሪያ አደረገው። ዝናብ በመጣ ቁጥር ያብጣል፤ ባበጠ ቁጥር በሩ ይጠብቃል። እዚያ ማበጡ ደግ ሆነ። ምንሽርም እንደገና እርቃኑን ቀረ። ያሁኑ ከፊተኛው ይከብድ ነበር፤ መታቀፍን ለምዶ ነበርና።

ሦስተኛውን ያገኙት ከገደሉ ግርጌ ነው። ድሮ የወደቀ የጭነት መኪና አለ። ቆርቆሮውን ሰው ወስዶታል፣ ጎማውን ሰው ወስዶታል። የቀረው ሻንሲው ነው፤ የመኪና አጥንት ማለት እሱ ነው። ከድንጋዩ መሐል ተጋድሞ ምንም አይናገርም።

ምንሽር ራሱ ጠየቀው። «አንተ፣ ገላ ትሆነኛለህ?»

«እሆናለሁ» አለ ሻንሲ።

«ታቅፈኛለህ?»

«አላቅፍም።»

«ታዲያ ምን ታደርጋለህ?»

«ሥርህን እይዛለሁ። ጥይቱን የምትጎርስበትን፣ ጉልበትህ ያለበትን እሱን እይዛለሁ። ዝናብ ቢመጣ አላብጥም። ፀሐይ ቢመጣ አልጎብጥም። አፈሙዝህን ግን አልነካውም።»

ምንሽር አፈረ፤ ቢሆንም ጠየቀ። «እንዲህ ከሆነማ ብቻዬን ልሆን አይደል?»

«አንገትህ ብቻውን ይሆናል» አለ ሻንሲ። «ሥርህ አይሆንም።»

ምንሽር ዘውዴን አሰበ፤ ያቺን የጤፍ ቅንጣት አሰበ። ከዚያ ጓንጉልን «እሱን» አለው።

ጓንጉል በብረት መጋዝ ቆረጠ፣ በሞረድ ሞረደ፣ በብሎን አሰረ። ሥሩን እንዲህ አድርጎ አጠበቀው፤ ከአፈሙዙ ሥር ግን የሣር ቅጠል ያለ ችግር እስክታልፍ ድረስ ክፍት ተወው። ለትከሻው የጎማ ቁራጭ አደረገለት። መንገደኞች አይተው ሳቁ። «አያ ጓንጉል፣ ይህ ጠመንጃ ነው ወይስ የአልጋ እግር?» አሉት። ከባድም ነው፤ ክንዱ አልቻለውምና ከገለባ ከረጢት ላይ ያስደግፈዋል።

ነሐሴ ላይ፣ ዝናቡ ሌሊቱን ሲወርድ አድሮ ጧት ሲያባራ፣ ነብሩ ከድንጋዩ ላይ ወጣ። አሁንማ ማንንም አይፈራም።

«አያ ጓንጉል!» አለ እያዛጋ። «ሰማዩን መታህ፣ ድንጋዩን መታህ። ዛሬ ደግሞ በአልጋ እግር መጣህ?»

ጓንጉል ከከረጢቱ ላይ አነጣጠረ።

«ተናገር እንጂ! በዚህ ገደል ውስጥ ከኔና ካንተ ሌላ ማን ቀርቷል? እኔንም ከገደልክ ከማን ጋር ልታወራ ነው?»

ጓንጉል ይህን ሲሰማ ጣቱ ቆመ። እውነት ነውና። ይታይሽ በሯን ከዘጋች ወዲህ ከመንገደኛ በቀር በስሙ የሚጠራው ያ አውሬ ብቻ ነው።

ያን ጊዜ ምንሽር «ጌታዬ፣ ሻንሲ ይዞኛል» አለው።

ጓንጉል ትንፋሹን ዋጠና ምላጩን ሳበ። ምንሽር ጮኸ። የሚገፋው የለም፣ የሚጎትተው የለም፤ አንገቱ በባዶ አየር ላይ ነው፤ ሥሩ ግን ንቅንቅ አላለም። በዕድሜው እንደዚያ ቀጥ ብሎ ተናግሮ አያውቅም። ነብሩ ተነሣ፣ እንደገና ተቀመጠ፣ ከዚያ ከድንጋዩ ተንከባሎ ወደቀ።

ወደ ደጋ የወጡት ተመለሱ። እልል አሉ፣ ጨፈሩ፣ ጓንጉልን በትከሻቸው ተሸከሙ። መሸት ሲል እያንዳንዱ ወደ ቤቱ ገባ። ገደሉ ጸጥ አለ። ከማዶ «አያ ጓንጉል» የሚል የለም።

ይታይሽ ከምንጩ ቀድታ መጣች። ውሃውን በቅል አድርጋ ሰጠችው።

«የነብሩ ሞት ልጄን አልመለሰልኝም፣ አያ ጓንጉል።»

«አልመለሰልሽም፣ እቴ። የዚያን ቀኑን ጥይት ስቼዋለሁ።»

«አውቃለሁ። አይቻለሁ።» ቅሉን ገፋ አድርጋ «ጠጣ እንጂ» አለችው።

ጠጣ። እሷ ከበሩ መድረክ ወዲያ፣ እሱ ከመድረኩ ወዲህ ተቀመጡ። ስትሄድ «ነገም እቀዳልሃለሁ» ብላ ሄደች።

ምንሽር ከግድግዳው ላይ ሆኖ ይህን ሁሉ አየ። ሻንሲን ጠራው።

«ወንድሜ፣ አለህ?»

ፊተኛው እንጨት ለዚህ ጥያቄ መልስ አልሰጠውም ነበር። ሻንሲ ግን ቃል ቆጣቢ ቢሆንም መለሰለት።

«አለሁ።»

ምንሽር ሌላ አልጠየቀም። አንገቱ ያን ሌሊትም በረደው፤ ከዚያ በኋላም ብዙ ሌሊት በረደው። ሥሩ ግን አልተነቃነቀም።

እኔ ተናግሬ ወረድኩ፤ እናንተ ሰምታችሁ ውጡ። ልጆቼ፣ ወዳጅ ስትመርጡ ማን አጥብቆ አቀፈኝ አትበሉ፤ ዝናብ ሲመጣ ማን ይዞኝ ቀረ በሉ። ያቀፈ ሁሉ አይደግፍም፤ የደገፈ ሁሉ አያቅፍም።