ቂጥ የሌለው ድስት

ኑ፣ ጠጋ በሉ ልጆች። አንተ እግርህን ሰብስብ፣ አንቺም ቆሎሽን በኋላ ትቆረጥሚያለሽ። የእኔ ተረት ጆሮ እንጂ ጥርስ አይፈልግም።

በድሮ ዘመን፣ ገል ሜዳ በምትባል መንደር፣ ትርንጎ የምትባል ሸክላ ሠሪ ነበረች። እጇ ፈጣን፣ ምላሷ ደግሞ ከእጇ የፈጠነ። ባሏ ቸኮል ይባላል። ስሙ ነው እንጂ እሱ ቸኩሎ አያውቅም፤ የሚቸኩለው ለመፍራት ብቻ ነው። ዝናብ ሲዘንብ “አለቀልን!” ይላል። ዝናብ ሲጠፋም “አለቀልን!” ይላል።

ትርንጎ ጭቃ ታቦካለች፣ ድስት ታበጃለች፣ በእሳት ትተኩሳለች፣ ቅዳሜ ገበያ አውጥታ ትሸጣለች። የገል ሜዳ ሴቶች ሁሉ የሚያድሩት በዚሁ ሙያ ነበር።

አንድ ቅዳሜ፣ አበጋዝ የሚባል ምላሱ ጤፍ የሚቆላ ነጋዴ ብረት ድስት በአህያ ጭኖ መጣ። ድንጋይ ላይ ወጣና አንዱን ድስት ወረወረው። ጓ! ጓ! ጓጓጓ!

“ተሰበረ?” አለ።

“አልተሰበረም!” አለ ገበያተኛው።

ከዚያ ወርዶ የትርንጎን ድስት አነሣና፣ “ይቅርታ እህቴ” ብሎ ለቀቀው። ኳ!

“ይኼስ?”

ገበያው በሳቅ ፈረሰ። ትርንጎ ስብርባሪውን በነጠላዋ ለቀመች። አላለቀሰችም፤ ጆሮዋ ግን እንደ ፍም ጋለ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሸክላን ዞር ብሎ የሚያይ ጠፋ። ጀርባ ላይ ታዝሎ የወጣው ድስት በዚያው ጀርባ ይመለሳል። የገል ሜዳ ጎተራ ባዶውን ቀረ። ጎረቤቶቿም፣ “ሙያችን ሞቷል፤ ቤታችንን ዘግተን ሰው ቤት እንቀጠር” አሉ።

“እስከ መስቀል ታገሡኝ” አለች ትርንጎ። ምን እንደምታደርግ ግን ራሷም አታውቅም ነበር።

በመጀመሪያ፣ “የማይሰበር ድስት እሠራለሁ” አለች። ግድግዳውን እንደ ቤተ ክርስቲያን አጥር አወፈረችው። እውነትም አልተሰበረም። ጠዋት የጣዱበት ባቄላ ግን ማታም ጥሬ ነው። የተዋሱት አህያ ላይ ቢጭኑት አህያዋ ቁጭ አለች።

“አለቀልን!” አለ ቸኮል። “ድስቱ አይሰበርም፤ የሚሰበረው ወገባችን ነው።”

ቀጥላ፣ “የሚያብረቀርቅ ድስት እሠራለሁ” አለች። በጠጠር አለሰለሰችው፣ ቅቤ ቀባችው፣ እንደ ሙሽራ አበራ። ገበያ ስትደርስ የአገሩ ውሻ ሁሉ ተከትሏት ድስቱን ይልሳል።

“አለቀልን!” አለ ቸኮል። “ውሾቹስ ወደውት ነበር፤ ምን ያደርጋል፣ ገዢ አይሆኑም።”

በሦስተኛው ትርንጎ ምንም አልሠራችም። እጇን ታጥባ ወደ ጭቃ ሹሙ ሚስት፣ ወደ እሜቴ አትጠገብ ቤት ሄደች። ብረት ድስት ከሁሉ ቀድመው የገዙት እሜቴ አትጠገብ ናቸው። ጓዳ ስትገባ ዓይናቸው በጭስ ቀልቷል፣ የቀሚሳቸው ጫፍ ተለብልቧል።

“እሜቴ፣ ምን ሆኑ?”

“ተይኝ ትርንጎ! ይኼ ድስት አይሰበርም፤ እኔን ግን ሰባበረኝ። ጉልቻው ላይ አይቀመጥልኝ፣ ይንሸራተታል። እሳቱ ዘወር ካለ ወዲያው ይቀዘቅዛል። የክረምቱን እንጨት በአንድ ወር በላው!”

ይህን ብለው ሳይጨርሱ ድስቱ ተንሸራተተና ሽሮው ጥግ ላይ የተኛችው ድመት ላይ ተደፋ። ድመቷ በመስኮት ወጣች። እሜቴ አትጠገብ ጮኹ። ትርንጎ ግን ጎንበስ ብላ የድስቱን ቂጥ በስንዝሯ ለካች።

“ምን ታደርጊያለሽ አንቺ?”

“እሜቴ፣ ድስቱ ምንም አላጠፋም። መቀመጫ አጥቶ ነው።”

ቤቷ ስትደርስ የሰባራ ሸክላ ገል ወቀጠች፣ ከጭቃው ጋር አቦካች። ወገቡ ክብ፣ በጎኑ እንጨት ማስገቢያ አፍ ያለው፣ ከላይ ድስት የሚይዙ ሦስት ጉብታዎች የወጡለት፣ ታቹ ክፍት የሆነ ነገር አበጀች። ቸኮል መጥቶ ዞረው። አጎንብሶ በታቹ አየና በላዩ ሰማይ ታየው።

“አለቀልን! ጎረቤት ድረሱልኝ፣ ትርንጎ ቂጥ የሌለው ድስት ሠራች!”

መንደሩ ተሰብስቦ ሳቀ። ትርንጎም አብራ ሳቀች፤ ግን ሥራዋን አላቆመችም፤ ሌሎችም ጨምራ ሠርታ ሁሉንም በእሳት ተኮሰች።

ቅዳሜ ገበያ ሄዳ ከአበጋዝ አጠገብ ተቀመጠችና ጮኸች፦ “ብረት ድስት ግዙ! እንደዚህ ያለ ድስት የለም!”

አበጋዝ ደነገጠ። “ሴትዮ፣ ምን ነካሽ?”

“ድስትህን ወደድኩት። እስቲ አንዱን አውሰኝ።”

ያ ቂጥ የሌለው ድስት ለካ ምድጃ ነው፤ ላዩ ላይ ጣደችው፤ ልክክ አለ። ሽሮ ጨምራ በጭራሮ ብቻ አነደደች። ነፋስ መጣ፣ እሳቱ አልጠፋም። ጭስም አልነበረም። ሽሮው ቶሎ ተንተከተከ፤ እንጨቱ ካለቀም በኋላ በሸክላው ሙቀት ብቻ መንተክተኩን አልተወም።

አበጋዝ ግን፣ “ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም!” ብሎ አሾፈ።

“ማጣፈጡ የባለሙያዋ ነው” አለች ትርንጎ። “የእኔ ሥራ እንጨት መቆጠብ ነው።”

እሜቴ አትጠገብ ሰው እየገፉ መጥተው የመጀመሪያውን ወሰዱ። ከዚያ ማን ይቁም! ፀሐይ ሳትዞር ቸኮል፣ “አለቀልን! አለቀልን!” እያለ ሲሮጥ ታየ። ሰው ሁሉ ምን መጣ ብሎ ደነገጠ። ለካ ምድጃው ተሽጦ ማለቁን መናገሩ ነው።

አበጋዝ ግን ቀና። “ጭቃ ነው፤ ይኼ ማንን ያቅተዋል?” ብሎ ከመንገድ ዳር ጭቃ ዛቀ፣ ቅርጹን አስመሰለ፣ ሳይተኩስ በፀሐይ ብቻ አድርቆ ሸጠ። ወጡ ገንፍሎ ገና ሲነካው ምድጃው ቀለጠ። ወጥ፣ ድስትና ምድጃ በአንድነት ወለሉ ላይ ተዘረጉ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ የገዙት ሴቶች ማማሰያ ይዘው ገበያውን አዞሩት። ሲሮጥ፣ ሲወድቅ፣ ሲነሣ፣ መጨረሻ ትርንጎ ጀርባ ተደበቀ።

“እህቴ፣ አስጥይኝ!”

ትርንጎ ሴቶቹን፣ “ተዉት፣ አህያ አለው” አለቻቸው። ዞር ብላም፣ “ስማኝ። ምድጃውን እኛ እንሠራለን፤ አንተ በየአገሩ ጭነህ ከድስትህ ጋር ትሸጣለህ። ጭቃ ግን ሁለተኛ እንዳትነካ!” አለችው።

“አልነካም!” ብሎ ማለ።

ሴቶቹ ግን፣ “የተደፋው ወጣችንስ?” ብለው ያዙት። አበጋዝ ለሁሉም ሽሮ እንዲሠራ ተፈረደበት። አሳረረው። ጨውም ረስቷል። ማንም አልቀመሰለትምና እያለቀሰ ብቻውን በላው።

የገል ሜዳ ሴቶችም በየገዢዎቻቸው ጓዳ እየገቡ፣ “ምን ቸገራችሁ?” ማለት ተማሩ። አንዷ ውኃ የሚያቀዘቅዝ ባለ ክዳን ጋን፣ ሌላዋ ዶሮ የማትገለብጠው ውኃ ማጠጫ ሠራች። መስቀል መጣ፤ ቤቱን የዘጋ አልነበረም።

አያችሁ ልጆች፦ ገበያ ቢያኮርፋችሁ ገበያውን አትርገሙ፤ የገዢያችሁን ጓዳ ገብታችሁ እዩ። ሳያውቅ የሰው ሙያ የሚነጥቅም ያረረ ሽሮ ይበላል።

እኔ አወራሁ፣ እናንተ ሰማችሁ። የሳቀ ይደግ፣ የተኛም ይቀስቀስ።