ሁለት ታረቀኝ፣ አንድ ቅንፍ

በአንድ ወቅት፣ በወርቅ ጉድጓድ አፍ ላይ በተቆረቆረች ከተማ፣ አንድ የፕሮግራም ቋንቋ አብረው የሚሠሩ ሦስት የአንድ እናት ልጆች ነበሩ። ቋንቋው አልቋል ማለት ይቻላል፤ የቀረው ጠብ ነው። ብዙ ነገር ባንድ የሚይዝ ዕቃ ሦስቱም በየፊናቸው ሠርተዋል፤ ለዚህ የተረፈው ቅንፍ ግን አንድ ጥንድ ብቻ ነው። ቅንፉን ያገኘ ዕቃ ባጭሩ ይጻፋል፣ ሰውም ሁሉ እሱን ያነሣል። ያጣው በረጅም ስሙ እየተጠራ አቧራ ይለብሳል።

የታላቁ የይርጋ ዕቃ ሰልፍ ይባላል፤ የመጣውን በመጣበት ተራ ይይዛል፣ ሺህ ጊዜ ቢደጋገምም አንድ አይጥልም። የስንዱ ማኅበር ነው፤ ያንኑ ስም ሁለቴ አይቀበልም፣ ማን እንዳለ ግን ባንድ አፍታ ይናገራል። የታናሹ የናሁሰናይ ማውጫ ይባላል፤ ከስሙ ጎን ቦታውን ያስቀምጣል፣ ያው ስም ደግሞ ሲመጣ አሮጌውን ቦታ አጥፍቶ አዲሱን ይጽፋል። ተጨቃጭቀው ሲሰለቻቸው «በሥራ ይፈተኑ!» ብለው የገባ የወጣውን እንዲይዙ ሦስቱንም በጉድጓዱ በር ላይ አኖሯቸው።

በዚያ በር የቆየ ልማድ አለ። ሙሉ ስም የሚጠራው ለለቅሶ ነው እያለ ማንም ቆፋሪ የአባቱን ስም አይሰጥም። ታረቀኝም በረኛው «የአባት ስም?» ቢለው «ምነው፣ ልትቀብረኝ ነው?» ብሎ ሥቆበት ወረደ። ከሱ ቀድሞ ሌላ ታረቀኝ መግባቱን አላወቀም።

ረፋድ ላይ ጉድጓዱ ተናደ። ታረቀኝ በታችኛው ዋሻ ብቻውን ቀረ፤ ከፊቱ አፈር፣ ከኋላው አፈር፣ እግሩ ላይ ድንጋይ። በጣም ፈራ። ከበላዩ የመቆፈሪያ ድምፅ ሲሰማ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ከላይ፣ የነፍስ አድኖቹ አለቃ ሰልፉን አይቶ ራሱን ያዘ፤ ሠላሳ አንድ ስም! ለውኃ ወጥቶ የተመለሰ ሁሉ በገባ ቁጥር ተጽፏላ። ሰዎቹን በየዋሻው ሊበትን ሲል ስንዱ ደረሰች።

«ጋሼ፣ አይበትኗቸው! ውስጥ ያሉት አሥራ አንድ ናቸው።»

ናሁሰናይም ማውጫውን ከፈተ። «ላይኛው ዋሻ አሥር፣ ታችኛው አንድ» አለ። ባንድነት ላይኛውን ቆፈሩ፤ አሥር ሲጠብቁ አሥራ አንድ ሰው ወጣ። የመጨረሻው «ታረቀኝ ነኝ» አለ። ከታች ሸሽቶ መጥቶ ይሆናል ተባለ። ስንዱ ስሙን ስታወጣ ማኅበሩ ባዶ ሆነ፤ እልልታው ቀለጠ፣ መቆፈሪያውም ቆመ።

ከናዳው ይልቅ ታች የቀረውን ታረቀኝ ያስፈራው ያ ዝምታ ነው። ጮኸ፤ የሚሰማው አልነበረም። ያኔ በጨለማው ውስጥ «ታረቀኝ ውብሸት! ታረቀኝ ውብሸት!» እያለ የገዛ ራሱን ሙሉ ስም ይጠራ ጀመር።

ይርጋ ግን ሰልፉን ከመጀመሪያው መስመር አንሥቶ አንድ በአንድ ይወርድ ነበር፤ ሰልፍ ሌላ መንገድ የለውም።

«ኧረ ተው ጋሼ፣ አልቋል እኮ!» አለችው ስንዱ።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አላት።

አንድ ሰዓት ፈጀበት። «ታረቀኝ ገባ» ይላል፤ አራት መስመር ዝቅ ብሎ፣ መውጣቱ ሳይጻፍ፣ ደግሞ «ታረቀኝ ገባ»። «ሰው ሳይወጣ ሁለቴ አይገባም!» ብሎ ዘሎ ተነሣ። የት እንደገባ ግን ሰልፉ አያውቅም። ናሁሰናይ ማውጫውን ተመለከተ፤ የፊተኛውን ታረቀኝ ረስቶ የኋለኛውን ይዟል፤ ታችኛው ዋሻ።

በሕይወት አወጡት። እግሩ ግን አልተረፈም፤ ሐኪሙ «አንድ ሰዓት ቢቀድም ኖሮ» አለ።

ሦስቱ ወደ አልጋው መጡ። ቅንፉን ከሦስታችን ለሚገባው አንተ ስጥ አሉት።

«ሁሉ የረሳህን አልረሳሁህም» አለ ይርጋ።

«ነፍስ አድኖቹን ባላሰባስብ አሥራ አንዱም ባልወጡ፣ አንተ ጋ የሚደርስ ጉልበትም ባልተረፈ» አለች ስንዱ፤ ዓይኗን ግን ከእግሩ አላነሣችም።

«መኖርህ ቢታወቅ፣ ቦታህ ባይታወቅ ምን ይረባሃል?» አለ ናሁሰናይ።

ታረቀኝ ተራ በተራ አያቸው። «ከድጡ ወደ ማጡ!» አለ። «አንዱ ዘግይቶ አገኘኝ፣ አንዷ ፈጥና ጣለችኝ፣ አንዱ ሞክሼዬን ረስቶ እኔን አስታወሰ። እኔስ ብሆን ስሜን በግማሽ ሰጥቼ ሥቄ የለ?» ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ቅንፉም እስካሁን ባለቤት አላገኘም።

እንግዲህ እናንተ ፍረዱ፤ ቅንፉ ለማን ይገባል? ለእግሩስ ማን ይጠየቅ?